ለታማሚ የሚያዘው ፌስታል፦ ፍራፍሬ በማዕድኑ ሲመዘን

ጎንደር ውስጥ ታማሚ ሲጠየቅ ባዶ እጅ አይኬድም። ከሆስፒታሉ በር አካባቢ ሙዝና ብርቱካን በፌስታል ተገዝቶ ይገባል፤ አልጋው አጠገብም "እስቲ ቅመስ፣ ጉልበት ይሆንሃል" ይባላል። ደግ ልማድ ነው፣ እንዲቀርም አልመኝም። ነገር ግን ያው ፌስታል በሽታ ያደከመውን አንዱን ሰው ሲያበረታ፣ ኩላሊቱ የደከመውን ሌላውን የልብ ምት ሊያዛባበት ይችላል። ሙዙ ያው ሙዝ ነው፤ የሚለያየው የበላተኛው አካል ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ሲተርፍ የማስወጣት አቅም ነው። ስለዚህ "ፍራፍሬ ለጤና ጥሩ ነው" ብሎ ማለፍ ለብዙ ቤተሰብ አይበቃም። የትኛው ፍሬ ምን ያህል ማዕድን እንደያዘ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚበቃ ማወቅ ያስፈልጋል።

ሚዛኑና ቁጥሩ

ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ልጣጩና ዘሩ ወጥቶ ለሚበላው 100 ግራም ናቸው። አፈሩ፣ ዝርያውና ውሃው መጠኑን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል፤ የፍራፍሬዎቹ ቅደም ተከተል ግን ብዙም አይዛባም።

በፖታሲየም ከሁሉም የሚበልጠው የደረቀው ነው። ቴምር ከ650 እስከ 700 ሚሊግራም፣ ዘቢብ 750 ገደማ አለው። ከመተማና ከቋራ ቆላ የሚመጣው ሁመር (ሮካ የሚሉትም አሉ) 628 ይደርሳል። ከእርጥቦቹ አቮካዶ 485፣ ዘይቱን 417፣ ሙዝ 358 ሚሊግራም ይዘዋል። መካከለኞቹ ጊሽጣ (ከ250 እስከ 290)፣ ሮማን (236) እና በለስ (220) ናቸው። ወይንና ኮክ 190 ገደማ፣ ፓፓያና ብርቱካን 180 ገደማ፣ ማንጎ 168፣ እንጆሪ 153 ላይ ይገኛሉ። ዝቅተኞቹ ሐብሐብ፣ አናናስና ፖም ሲሆኑ ሦስቱም ከ107 እስከ 112 ባለው ውስጥ ናቸው።

ብዙ ሰው ስለ ፖታሲየም ሲነሣ ሙዝን ብቻ ይጠረጥራል። ዘይቱን ግን በክብደት ከሙዝ ይበልጣል፣ አቮካዶም እንዲሁ። በአንጻሩ ማንጎ የሙዝን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሙዝ ተከልክሎ "በምትኩ" አቮካዶ የሚበላ የኩላሊት ታማሚ ከድጡ ወደ ማጡ ገባ ማለት ነው።

ዝርያም ለውጥ ያመጣል። ትንሹ፣ ልጣጩ ሻካራና ሲበስል የሚጠቁረው ሃስ የተባለው አቮካዶ በ100 ግራም 507 ሚሊግራም ፖታሲየምና 15 ግራም ገደማ ስብ አለው። ትልቁ፣ ልጣጩ ለስላሳና አረንጓዴ ሆኖ የሚቀረው ዓይነት 351 ሚሊግራምና 10 ግራም ገደማ ስብ ይዟል። ሆኖም ትልቁ በመጠኑ ይክሳል። የሃስ ሥጋው 140 ግራም ቢሆን 710 ሚሊግራም ይሰጣል፤ 300 ግራም ሥጋ ያለው ትልቅ አቮካዶ ግን ከ1,050 ያልፋል። ስለዚህ "አንድ አቮካዶ" መለኪያ አይሆንም፤ ግራሙን መያዝ ነው።

የወጥ ቤት ሚዛን ካለ ሥራው ቀላል ነው፦ ልጣጩንና ዘሩን አውጥታችሁ መዝኑ፣ ግራሙን በ100 አካፍሉ፣ ከላይ ባለው ቁጥር አባዙ። ሚዛን ከሌለ በኪሎ ከተገዛው መነሣት ይቻላል። የሙዝ ከሢሶ በላይ የሚሆነው ክብደቱ ልጣጭ ነው፤ አንድ ኪሎ ሙዝ ሲላጥ 640 ግራም ገደማ ይቀራል፣ በውስጡም 2,300 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም አለ። ለታማሚ የሚያዘው ፌስታል ብዙ ጊዜ ከዚህ አያንስም።

ሙዝ ሲበስልና ነጠብጣብ ሲያወጣ ፖታሲየሙ ይጨምራል የሚባለው ልክ አይደለም። በመብሰል የሚለወጠው ስታርቹ ወደ ስኳር መሆኑ ነው፤ ማዕድኑ ባለበት ነው። መድረቅ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ውሃው ስለሚወጣ ማዕድኑም ስኳሩም በትንሽ ክብደት ይታመቃል። 191 ሚሊግራም የነበረው ወይን ዘቢብ ሲሆን አራት እጥፍ ገደማ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ኩላሊት ሲደክም

ጤነኛ ኩላሊት ትርፍ ፖታሲየምን በሽንት ያወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊግራም እንዲያገኝ የሚመክረውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ለጤነኛ ሰው ፖታሲየም ወዳጅ ነው። ኩላሊት ሲደክም ግን የሚወጣው ያንሳል፣ በደም ውስጥ ያለው ይጨምራል። ደኅናው መጠን በሊትር ከ3.5 እስከ 5.0 ሚሊሞል ነው። ከ5.5 ሲያልፍ ሐኪም ይጨነቃል፤ ከ6.5 ሲያልፍ የድንገተኛ ክፍል ጉዳይ ይሆናል፣ ምክንያቱም የልብ የኤሌክትሪክ ምት ሊዛባና ሊቆም ይችላል።

አስቸጋሪው ነገር ብዙ ጊዜ ምልክት አለማሳየቱ ነው። ጡንቻ መድከም፣ የልብ ምት መዘባረቅ ወይም መደንዘዝ ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱ ግን ምንም ሳይሰማው ቁጥሩ ወደ ላይ ይወጣል። "ምንም አልሆንኩም" ብሎ በስሜት መመራት ስለማይበቃ መመሪያው የደም ምርመራ ነው። ፖታሲየም እንዲቀንስ የታዘዘለት ሰው በቀን ከ2,000 እስከ 3,000 ሚሊግራም ባለው ውስጥ እንዲቆይ ይነገረዋል፤ ትክክለኛው ቁጥር በምርመራው ይወሰናል። ኩላሊቱ ታሟል የተባለ ሁሉም ፍራፍሬ ይተው ማለት አይደለም። ገና በመጀመሪያ ደረጃ ላይ ያለና የደም ፖታሲየሙ ደኅና የሆነ ሰው ያለ ምክንያት ፍራፍሬ ሲከለከል ይጎዳል።

ቅነሳ ለታዘዘለት ሰው ጠቃሚው ልማድ በአንድ ጊዜ የሚበላውን ከ200 ሚሊግራም በታች ማድረግ ነው። አንድ መካከለኛ ፖም (195)፣ 150 ግራም አናናስ (165 ገደማ)፣ 100 ግራም ማንጎ ወይም አንድ እፍኝ እንጆሪ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሐብሐብም በፖታሲየሙ ዝቅተኛ ነው፤ ነገር ግን ከመቶ 91 እጁ ውሃ ስለሆነ ፈሳሽ የተገደበበት ሰው ከቀኑ ውሃው ላይ ይቀንሰው። የኩላሊት እጥበት የሚያደርጉ ሰዎች ይህን ብዙ ጊዜ ይስቱታል፦ ውሃ ለክተው ይጠጡና ግማሽ ሐብሐብ ይበላሉ፣ በቀጣዩ እጥበት ክብደታቸው ጨምሮ ይገኛል። በሁለት እጥበቶች መካከል ያለው ረጅሙ ክፍተት ፖታሲየምም ፈሳሽም የሚከማችበት ስለሆነ፣ ዓመት በዓል በዚያ ላይ ሲውል ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን።

ጁስ ለብቻው መነሣት አለበት። አንድ መካከለኛ ብርቱካን 237 ሚሊግራም ፖታሲየም አለው፤ አንድ ሩብ ሊትር ገደማ የሚይዝ ብርጭቆ የብርቱካን ጁስ ግን 500 ገደማ። ማንም ሰው ሁለትና ሦስት ብርቱካን በአንድ ትንፋሽ አይበላም፣ ጨምቆ ግን ይጠጣዋል።

የጁስ ቤቱ ስፕሪስ ደግሞ ይህን ያጠናክረዋል። ከአቮካዶ፣ ከማንጎና ከፓፓያ መቶ መቶ ግራም ቢገባበት 485፣ 168 እና 182 ተደምሮ 835 ሚሊግራም ይሆናል። 2,000 ለተፈቀደለት ሰው ይህ የቀኑ ከ40 በመቶ በላይ ነው፣ ያውም ምግብ ሳይበላ። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ሲጨመርበት ሌላ 25 ግራም ስኳር ይገባል፤ ከላይ ቪምቶ ከፈሰሰበት ደግሞ ከዚያ ያልፋል። ኩላሊቱ ጤነኛ ለሆነ፣ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለቆየ ወጣት ስፕሪስ ጥሩ ምግብ ነው፤ ስኳሩን ብቻ አስቀሩ። ሲያዙ "ስኳርም ቪምቶም አይግባበት" ማለት ይበቃል፤ የበሰለ ማንጎና ፓፓያ ራሱ ይጣፍጣል።

የጾም ገበታ ላይ ፍራፍሬው ብቻውን እንደማይቆጠር ልብ በሉ። የተቀቀለ ምስር በ100 ግራም 369፣ ድንች 330 ገደማ ሚሊግራም ፖታሲየም አለው። ድንቹን ልጦ፣ በስሱ ቆርጦ፣ በብዙ ውሃ ቀቅሎ ውሃውን መድፋት ፖታሲየሙን በደንብ ይቀንሰዋል። ኮክና ፖምም ተቆራርጠው በውሃ ቢቀቀሉና ውሃው ቢደፋ በከፊል ይቀንሳሉ። በቆርቆሮ የታሸገ ፍራፍሬ ውስጥ ፖታሲየሙ ወደ ሽሮፑ ስለሚወጣ ሽሮፑን ትታችሁ ፍሬውን ብቻ አውጡ።

ኪኒንና ፍራፍሬ

ሁለት ጎረቤታሞች "የግፊት መድኃኒት" እየዋጡ አንዱ ሙዝ ብላ፣ ሌላው ሙዝ ተው ሲባሉ ሐኪሞቹ የተጣሉ ይመስላል። አልተጣሉም፤ ኪኒኖቹ ይለያያሉ። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታንና ስፓይሮኖላክቶን ፖታሲየምን በሰውነት ውስጥ ያስቀራሉ። ፉሮሴማይድና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ በሽንት ያስወጡታል። የመጀመሪያዎቹን የሚወስድ፣ በተለይ ኩላሊቱ የደከመ ወይም ስኳር ያለበት ሰው፣ ቴምርና አቮካዶ ከማብዛቱ በፊት ፖታሲየሙን ያስመርምር። የኋለኞቹን የሚወስድ ሰው በቀን አንድ ሁለት ሙዝ ሊጠቅመው ይችላል። ለልብ ድካም ዲጎክሲን ከፉሮሴማይድ ጋር ለሚወስድ ሰው ፖታሲየም ማነስ ራሱ አደጋ ነው፣ የዲጎክሲንን መርዛማነት ያባብሳልና። ስለዚህ የኪኒኑን ስም ማወቅ ግድ ነው፤ "ነጯ ትንሿ ክኒን" አይበቃም። ካርቶኑን ወይም ካርዱን ይዛችሁ ፋርማሲ ብትጠይቁ በአንድ ደቂቃ ይነግሯችኋል።

ግሬፕፍሩት የተለየ ችግር አለው፤ ማዕድኑ ምንም አያደርግም። በአንጀት ውስጥ አንዳንድ መድኃኒቶችን የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያግድ ኒፈዲፒን፣ ፈሎዲፒንና ሲምቫስታቲን በደም ውስጥ ከታሰበው በላይ ይበዛሉ። ውጤቱ ከአንድ ቀን በላይ ስለሚቆይ "ጠዋት ጁሱን፣ ማታ ኪኒኑን" ማለት አያድንም። እነዚህን የሚወስድ ሰው ጨርሶ ቢተወው ይሻላል፤ ተራው ብርቱካን ይህ ችግር የለበትም።

ሌላው እምብዛም የማይነገረው ሎሚና የጨጓራ መድኃኒት ነው። አሉሚኒየም ሃይድሮክሳይድ ያለበት የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ የጨጓራ ማስታገሻ ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ጋር ሲወሰድ፣ ሲትሬቱ አሉሚኒየሙን ወደ ደም ያስገባዋል። ጤነኛ ኩላሊት ያወጣዋል፤ የደከመ ኩላሊት ግን ስለማያወጣው በአጥንትና በአንጎል ይከማቻል። ሁለቱን አንድ ላይ አትስጡ።

ግፊት ብቻ ያለበት፣ ኩላሊቱ ጤነኛ የሆነ ሰው ግን እዚህ ላይ የጻፍኩትን አንብቦ እንዳይሸሽ። ፖታሲየም ያለው ፍራፍሬ የደም ግፊትን ዝቅ ያደርጋል፤ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ከሚለው ምክር ጋር አብሮ ሲሄድ ደግሞ ይበረታል። ዓለም አቀፉ ምክር በቀን 400 ግራም ፍራፍሬና አትክልት ነው። አብዛኞቻችን የምንበላው ከዚያ በታች ነው፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው።

ስኳር ላለበት

እዚህ የሚቆጠረው ካርቦሃይድሬት ነው። አንድ ድርሻ 15 ግራም ካርቦሃይድሬት ብንል፣ ይህ ማለት የትልቅ ሙዝ ግማሽ (65 ግራም)፣ 100 ግራም ማንጎ፣ አንድ መካከለኛ ብርቱካን፣ 140 ግራም ፓፓያ፣ ሁለት ትናንሽ ዘይቱን ወይም 200 ግራም ሐብሐብ ነው። ቴምር አንድ ትልቅ ብቻ ከዚህ ያልፋል፤ ከትናንሾቹም ሦስት ይበቃሉ። በረመዳን ማፍጠሪያ ላይ ወደዚህ ልክ መጠጋት ይቻላል፦ አንድ ትልቅ ቴምር ከውሃ ጋር፣ ከዚያ ምግብ። አቮካዶ ስኳር የለውም ማለት ይቻላል፤ ካሎሪው ግን ብዙ ነው።

ስኳራቸው በድንገት ሲወርድ (ከ70 በታች) ብዙዎች የብርቱካን ጁስ ይጠጣሉ፤ ግማሽ ብርጭቆ ገደማ ይበቃል። ስኳርም የኩላሊት ድካምም ላለበት ሰው ግን ጁሱ በየጊዜው ከተደጋገመ ፖታሲየሙ ይከማቻል። ለእሱ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጦ መስጠት ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ደም ማነስና ብረት

"ደም እንዲሆናት" ተብሎ ለነፍሰ ጡር ፍራፍሬ ይገዛል፤ ፍራፍሬ ግን ራሱ ብረት እምብዛም የለውም። ብዙዎቹ በ100 ግራም ከግማሽ ሚሊግራም በታች ናቸው፤ ቴምር እንኳ 1 ገደማ ነው። ጥቅሙ በሌላ በኩል ይመጣል፦ በእንጀራው፣ በምስሩና በሽሮው ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ደም አይገባም፣ ቪታሚን ሲ ግን እንዲገባ ይረዳዋል። አብሮ፣ በዚያው ማዕድ ላይ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ ምርጫው ለውጥ ያመጣል። አንድ ትንሽ ዘይቱን (55 ግራም) 125 ሚሊግራም ቪታሚን ሲ አለው። አንድ ብርቱካን 70፣ 100 ግራም ፓፓያ 60 ገደማ ይሰጣል። ግማሽ ሎሚ ወጥ ላይ ጠብ ማድረግ ግን ከ10 ሚሊግራም አያልፍም፤ ጣዕሙ ያታልላል። ሎሚው ወጡ እሳት ላይ እያለ ከተጨመረ ደግሞ ያቺውም በሙቀት ትቀንሳለች። ከፍራፍሬ ውጭ አንድ ነገር ልጨምር፦ ጥሬ አረንጓዴ ቃሪያ በ100 ግራም 240 ገደማ ሚሊግራም ስላለው፣ ሽሮና ስንግ አብረው መቅረባቸው ለብረቱም መልካም ነው።

ቡናው ነው የሚያበላሸው። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ተከትሎ የሚጠጣ ቡና ወይም ሻይ የብረቱን መግባት በጣም ይቀንሳል። ደም ያነሳት ሴት አቦሉን ከምግቡ አንድ ሰዓት በፊት ብትጠጣ፣ ወይም ቡናው ከተበላ ሁለት ሰዓት ካለፈው በኋላ ቢፈላ፣ ምንም ሳትገዛ የምታገኘው ብረት ይጨምራል።

የኩላሊት ጠጠር

ቆላ ወርደው በሙቀት የሚሠሩ ሰዎች ላባቸው ስለሚበዛ ሽንታቸው ይወፍራል፤ ጠጠር የሚሠራው በዚያ ነው። ሎሚ እዚህ ላይ እውነተኛ ጥቅም አለው። ሲትሬቱ ካልሲየም ከኦክሳሌት ጋር እንዳይጣበቅ ይከላከላል። የተለመደው መጠን 120 ሚሊሊትር ንጹሕ የሎሚ ጭማቂ በ2 ሊትር ውሃ በጥብጦ ቀኑን ሙሉ መጠጣት ነው፣ ያለ ስኳር። ግቡ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ሽንት ማውጣት ስለሆነ ውሃው ከሎሚው ያላነሰ ሥራ ይሠራል። ጥርስን ስለሚበላ በቀጭን መጠጫ ጠጡ፣ አፋችሁን በውሃ ተጉመጥመጡ፣ ጥርስ መፋቂያውን ለግማሽ ሰዓት አቆዩት። ጨጓራው የሚያቃጥለው ሰው ይህን አይሞክር፤ ውሃውን ብቻ ይጠጣ።

ዘር፣ እንጭጭና ሻጋታ

የኮክን ድንጋይ ሰብሮ ውስጡን መብላት ልጆች ይወዳሉ። በውስጡ ያለው አሚግዳሊን ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለ መርዝ ይወጣዋል፤ መራራው ጣዕም ማስጠንቀቂያ ነው። የፖም ዘርም ያው ነገር አለው፤ ሳይታኘክ አንድ ሁለት ቢዋጥ አያስጨንቅም። የጊሽጣ ዘር መርዛማ ነው፣ ዱቄቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። ስለዚህ ጊሽጣን ዘሩ ውስጥ እያለ በጁስ ማሽን አትፍጩ፤ ሥጋውን በማንኪያ አውጥታችሁ ዘሩን ለዩ። ከጊሽጣ ወገን የሆኑ ፍራፍሬዎችንና የቅጠላቸውን ሻይ አዘውትሮ መውሰድ በካሪቢያኗ ጓዶሎፕ ደሴት ፓርኪንሰን ከሚመስል የነርቭ ሕመም ጋር ተያይዟል፤ አልፎ አልፎ መብላት ሌላ ነው፣ ቅጠሉን እንደ መድኃኒት በየቀኑ ማፍላት ግን አይመከርም።

ነፍሰ ጡር ሴት የበሰለ ፓፓያ ብትበላ ችግር የለውም። ጥሬው ግን ነጭ ወተት የመሰለ ፈሳሽ አለው፣ ያ ፈሳሽ ማሕፀንን ሊያኮማትር ስለሚችል አረንጓዴ ፓፓያ ይቅርባት።

በለስ በማግኒዚየም ከገበያው ፍራፍሬ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው፦ በ100 ግራም 85 ሚሊግራም፣ ካልሲየምም 56። ለአዋቂ የማግኒዚየም የቀን ፍላጎቱ ከ310 እስከ 420 ሚሊግራም ስለሆነ ጥቂት ፍሬ ብዙ ይሞላል። ጉዳቱ ዘሩ ነው። በክረምት በርካሽ ሲገኝ በአንድ መቀመጫ ብዙ ተበልቶ ውሃ ካልተጠጣበት፣ ዘሮቹ አንጀት መጨረሻ ላይ እንደ ሲሚንቶ ተጋግረው ሆድ ይዘጋሉ፤ በሐኪም እጅ ማውጣት የሚያስፈልግበት ጊዜም አለ። ለልጅ ሁለት ሦስት ፍሬ ከውሃ ጋር ይበቃል። እሾሁ ሳይጠረግና ሳይታጠብ ቢላዋ አይንካው፤ ደቃቁ እሾህ በቢላዋው ወደ ሥጋው ይገባል።

የበሰበሰ ፖም ጎኑን ቆርጦ የቀረውን መጨመቅ አይገባም። ሻጋታው የሚያመርተው ፓቱሊን የተባለ መርዝ ከበሰበሰው ቦታ አልፎ ይሄዳል፣ ቢፈላም አይጠፋም። የሻገተ ቴምርና ዘቢብም ታጥቦ አይድንም፤ ይጣል።

ማብሰልና ማጠብ

ጎንደር ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ሙዙም ማንጎውም ከቆላና ከሩቅ በጭነት ይመጣል፤ ሙዙ ከአርባ ምንጭ ድረስ የሚመጣ አለ። መንገድ ላይ እንዳይላሽቅ በጥሬው ይቆረጣል፣ ከዚያ በዝግ ቤት ውስጥ በላምባ ጭስ ይበስላል። ጭሱ ልጣጩ ላይ ስለሚቀር ሙዝ ከመላጡ በፊት መታጠብ አለበት፤ በልጣጩ የነካነውን በጣታችን ወደ አፋችን እናደርሳለንና።

ከዚህ የሚብሰው ካርባይድ ነው። ካልሲየም ካርባይድ እርጥበት ሲያገኝ አሴቲሊን ጋዝ ያወጣና ልጣጩን ቢጫ ያደርጋል። ለብየዳ የሚሸጠው ዓይነት አርሴኒክና ፎስፊን በትንሹ ስላለበት ሕንድን የመሰሉ አገሮች ለፍራፍሬ እንዳይውል በሕግ ከልክለዋል። እርግጠኛ የዓይን ምርመራ የለውም፤ ሆኖም ዙሪያውን እኩል ቢጫ ሆኖ ሽታ የሌለው፣ ሲቆረጥ ዘሩ አካባቢ ነጭ፣ ጠንካራና ጎምዛዛ የሆነ ማንጎ ያጠራጥራል። በነጋዴው ቦታ ሆኜ ሳስበው ምክንያቱ ይገባኛል፣ የቀን ኪሳራ ቀላል አይደለም፤ ግን ይህን ዱቄት ምግብ አጠገብ ማስቀመጥ ትክክል አይደለም።

መፍትሔው ጥሬውን ገዝቶ ቤት ማብሰል ነው። ጠንካራውን አቮካዶ ወይም ማንጎ ከአንድ የበሰለ ሙዝ ወይም ፖም ጋር በወረቀት ከረጢት አድርጋችሁ አፉን እጠፉት። የበሰለው የሚያወጣው ኤቲሊን ሌላውን ያበስለዋል። ከሁለት እስከ አራት ቀን ይበቃል፤ የጎንደር ሌሊት ሲበርድ ይዘገያል፣ በወጥ ቤት ሙቀት ያኑሩት። በፌስታል ከታሰረ ላብ ይይዝና ይሻግታል። ሙዝን ፍሪጅ አታስገቡ፤ ከ13 ዲግሪ በታች ልጣጩ ይጠቁራል፣ ጥሬ ከሆነም መብሰሉን ያቆማል።

አጠባው፦ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ ላይ በእጅ እያሹ ግማሽ ደቂቃ። ሳሙናና ኦሞ አይገባም፤ ልጣጩ ይመጠውና ተቅማጥ ያመጣል። ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ ወይም እንደ እንጆሪና ወይን በልጣጩ የሚበላ ከሆነ፣ ሽቶ የሌለው 5 በመቶ በረኪና 1 የሻይ ማንኪያ (5 ሚሊሊትር) በ5 ሊትር ውሃ ቀላቅላችሁ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ከዚያ በሚጠጣ ውሃ አለቅልቁ። ፀሐይ ላይ የቆየ በረኪና ኃይሉ ስለሚደክም ከጥላ ሥር ያለውን ግዙ። ሐብሐብና ፓፓያ ልጣጫቸው ስለማይበላ ብዙ ጊዜ ሳይታጠቡ ይቆረጣሉ፤ ቢላዋው ግን ከውጭ ያለውን ጀርም ይዞ ወደ ውስጥ ይገባል። የተቆረጠ ፍራፍሬ ያለ ፍሪጅ ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። መንገድ ላይ ተቆርጦ የተደረደረውን ከመግዛት ሙሉውን ገዝቶ ቤት መቁረጥ ይሻላል። ጁስ ቤት ስትገቡም የሚጨምሩት ውሃ ከየት እንደሆነና ማሽኑ በየመሐሉ መታጠቡን ጠይቁ፤ ነውር አይደለም።

ለሕፃናትና ተቅማጥ ሲይዝ

ከ6 ወር በታች ላለ ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ጁስ ደግሞ ዓመት እስኪሞላው አያስፈልገውም። ከ6 ወር በኋላ ሙዝ፣ አቮካዶና ፓፓያ በሹካ ተፈጭተው ይሰጡ። የወይን ፍሬ ለትንሽ ልጅ እንዳለ አይሰጥም፣ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ከላይ እስከ ታች ለአራት ይሰንጠቅ።

ተቅማጥ ሲይዝ ፖታሲየም በብዛት ከሰውነት ይወጣል። አንድ ሊትር በትክክል የተበጠበጠ ኦ.አር.ኤስ (ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠው ዱቄት) 20 ሚሊሞል፣ ማለትም 780 ሚሊግራም ገደማ ፖታሲየም ይዟል፤ 100 ግራም ሙዝ ደግሞ 9 ሚሊሞል ገደማ። ስለዚህ ከኦ.አር.ኤሱ ጎን ሙዝ መስጠት ጥሩ ድጋፍ ነው፣ ኦ.አር.ኤሱን ግን አይተካም፤ ሙዝ ሶዲየም የለውምና። ያልተበረዘ ጁስ በዚህ ጊዜ ይቅር፤ በውስጡ ያለው ስኳር ውሃን ወደ አንጀት ስቦ ተቅማጡን ያባብሰዋል። ፓኬቱን በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡ፣ በውስጡ ጁስም ስኳርም አትጨምሩ፣ በ24 ሰዓት ያላለቀውን ደፍታችሁ አዲስ በጥብጡ።